ከከተማ ዳር ሆኖ የሳይኮሎጂ ማስተርስ ልምምድን እንዴት መያዝ ይቻላል

ስድስት ኪሎ ሳይኮሎጂ ማስተርስ ጀምራችኋል እንበል፤ ቤታችሁ ግን ኮተቤ፣ አያት ወይም ለገጣፎ ነው። ብዙ ተማሪ ስለ ፕራክቲከም (ስለ ተግባር ልምምዱ) የሚያስበው ዲፓርትመንቱ ሲያስታውሰው ነው። ያኔ የተገኘው ቦታ ይያዛል፣ ሰዓት ይሞላል፣ ፊርማ ይሰበሰባል፣ አለቀ።

ከቦታ በፊት ሰው ፈልጉ። ኬዛችሁን (የያዛችሁትን ታካሚ ጉዳይ) ቁጭ ብሎ የሚሰማ፣ ያበላሻችሁትን ፊት ለፊት የሚነግር ሱፐርቫይዘር ማለቴ ነው። ስሙ የገነነ ግን ጊዜ የሌለው ሰው ምንም አያደርግላችሁም። በሳምንት የትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያገኛችሁ ቁርጡን ጠይቁ። «ደውሉልኝ፣ እናያለን» ካለ ሌላ ፈልጉ።

ቦታን በተመለከተ ሁሉም የሚሮጠው ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ነው። በምሥራቅ በኩል ላላችሁ ግን ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ በምዕራብ ደግሞ ገፈርሳ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። ከዲፓርትመንቱ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፣ ኮፒ አስቀሩ፣ መዝገብ ቤት ሲቀበላችሁም ቁጥሩን ጻፉ። ደብዳቤ እንደሆነ ይጠፋል።

ስትጀምሩ አትቸኩሉ፤ ታካሚው ከፈቀደ ጥግ ይዛችሁ አዳምጡ። «ድባቴ ያዘኝ» ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ነው የሚለው፤ እናንተም እሱ እንዳለው ጻፉት እንጂ ወዲያው በመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ አትቀይሩት። ጸበል ይሄድ እንደሆነም ጠይቁ፣ ግን ፊታችሁን ሳታኮማትሩ፤ አንዴ ከታዘባችሁ ሁለተኛ አይነግራችሁም። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ መድኃኒቱን አቋርጦ እንደሆነ ነው።

ፒኤችኪው-9 የተባለውን የድባቴ መጠይቅ በደንብ ልመዱ። 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ስለሚሰጠው ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ድምሩ ብቻውን ምርመራ አይደለም። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ነው፤ እዚያ ላይ ከ0 በላይ ካያችሁ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም ታካሚው ከመውጣቱ በፊት ለሱፐርቫይዘራችሁ ንገሩ። «ነገ እነግረዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ማስታወሻውን በዚያው ቀን ጻፉ፣ በስም ሳይሆን በኮድ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ስለ ኬዝ አይወራም፤ ከኋላችሁ የተቀመጠችው የታካሚው እህት ልትሆን ትችላለች፣ ሰፈሩ እንደሆነ ጠባብ ነው።

ሱፐርቫይዘራችሁ ጋ ስትሄዱ ያማረላችሁን ኬዝ ሳይሆን የከሸፈባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ታካሚው ዝም ያለበትን፣ እናንተም ግራ ተጋብታችሁ ምክር ያዥጎደጎዳችሁበትን። የሰዓት መዝገቡን ግን በየሳምንቱ አስፈርሙ፤ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ሱፐርቫይዘሩ ሥልጠና ወጥቶበት ፊርማ ፍለጋ የሚንከራተት ተማሪ አይጠፋም።