የአል ካፖንን ታሪክ ለሬዲዮ ትረካ ማዘጋጀት

የማፊያ ትረካ የሚጽፍ ሰው እጁ ቶሎ ወደ ተኩሱ ይሮጣል። የቺካጎውን የወንበዴ አለቃ አል ካፖንን የጣለው ግን የሒሳብ ደብተር ነውና ከዚያ ጀምሩ። ደብተሮቹ እ.ኤ.አ. በ1926 ቺካጎ አጠገብ፣ ሲሴሮ ከሚገኝ ቁማር ቤት ተይዘው ተረስተው ነበር፤ በኋላ የግብር መርማሪው ፍራንክ ዊልሰን አገኛቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 ከወንጀል የተገኘ ገቢም ግብር ይከፈልበታል ብሎ ስለነበር የግብር ስወራው ክስ መሠረት አገኘ። ፍርዱ 11 ዓመት እስርና 50 ሺህ ዶላር መቀጮ ነው።

ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትለውጡ ተጠንቀቁ። ካፖን የተወለደው ጃንዋሪ 17 ቀን 1899 ነው። በዛሬው ስሌት ጥር 9 ይመጣል፤ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት በአንድ ቀን ያንስ ስለነበር ትክክሉ ጥር 10 ቀን 1891 ዓ.ም. ነው፣ የከተራ ዕለት። የተወለደባት የኒው ዮርኳ ብሩክሊን ከተራን አታውቅም፤ ጃን ሜዳ አካባቢ ያደገ አድማጭ ግን ቀኑን አይረሳውም። ፍርዱም የዋለው ጥቅምት 13 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አራዳ ጊዮርጊስ ከነገሡ ዓመት ሊሞላ አሥር ቀን ሲቀረው። እንዲህ ያለ ማሰሪያ በየምዕራፉ አንድ ይበቃል።

የመጠጥ ክልከላውን ሳታብራሩ አትለፉ። ጠጅ ቤት በሞላበት ከተማ «ቢራ ሸጦ ከበረ» ብቻ ከተባለ ወንጀሉ የቱ ጋ እንደሆነ አይገባም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 የተከለከለው መጥመቁ፣ መሸጡና ማጓጓዙ ነው፤ መጠጣቱ አልተከለከለም። ገዢው እንዳለ ሆኖ ሻጩ ብቻ ሕገ ወጥ ሲሆን ትርፉ ወደ ወንበዴ ኪስ ገባ። ካፖን ይህን ንግድ እ.ኤ.አ. በ1925 ከቆሰለው አለቃው ከጆኒ ቶሪዮ ሲረከብ ገና 26 ዓመቱ ነበር።

ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው የካቲት 7 ቀን 1921 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች ጋራዥ ውስጥ በተረሸኑበት ምዕራፍ ላይ ነው። ካፖን ያን ቀን ፍሎሪዳ ነበር፤ በግድያውም ለፍርድ የቀረበ የለም። «አስገደለ» ሳይሆን «አስገድሏል ተብሎ ይጠረጠራል» በሉ። የመጠጥ ክልከላውን ያስከብር የነበረውን ኤልየት ኔስንም አታግንኑት፤ ጠመቃ ቤቶቹን ወረረ እንጂ ያሳሰረው የግብሩ ክስ ነው። አልካትራዝ እስር ቤትን፣ ቂጥኙንና እ.ኤ.አ. በ1947 በ48 ዓመቱ መሞቱን በሁለት ደቂቃ ጨርሱ።

ለ20 ደቂቃ ትረካ 1,900 ቃል ገደማ ይበቃል። የባዕድ ስም ከስድስት አይብለጥ፤ የሬዲዮ አድማጭ ገጽ ወደ ኋላ አይገልጥም። ፒያሳ የምትቀርጹ ከሆነ የቅዳሴውን ድምፅ ማጉያና የታክሲ ረዳቶቹን ጩኸት ሰዓት አይታችሁ ሽሹ። ወፍራም ብርድ ልብስ ከአንባቢው ጀርባ ስቀሉ፤ ማይኩ ፊቱን ያዞረው ወደዚያ ግድግዳ ነው። ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፤ አለበለዚያ «ካፖን» በተባለ ቁጥር «ፖ»ው ቡፍ ይላል።