በጋችሁ መዞር ከጀመረች፦ አዙሪትን ከመንደር የማጥፋት ሥራ

የምሠራው መንዝ ውስጥ፣ በቀበሌ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት ማዳበሪያውም የልጆቹ ደብተርም የሚገዛው በግ ተሸጦ ነው። ለመውለድ የደረሰች በግ ስትሞት ልትወልዳቸው የነበሩት ጠቦቶችም አብረው ይሄዳሉ። በግን የሚያዞረው በሽታ፣ አዙሪት፣ ደግሞ የሚበረታው በለጋዎቹ ላይ ነው።

አዙሪት ለበጉ የምንሰጠው ክትባት የለውም። ምልክቱ ከታየ በኋላም በመርፌ አይመለስም። መንደሩ ከተስማማ ግን ይጠፋል። ለዚህ ነው ስለ እሱ ብቻ መጻፍ የፈለግሁት።

በመጀመሪያ ምልክቱን እወቁ። በጓ ከመንጋው ትነጠላለች። ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ከዚያ ወደዚያው ጎን መዞር ትጀምራለች። አንድ ዓይኗ ሊጠፋ፣ ከግድግዳ ልትጋጭ ትችላለች። ይህ ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ውስጥ የሚብስ ነገር ነው። ድንገት የጀመረ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ለሃጭ የሚያዝረከርክ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በግ አትንኩ፣ ለማረድም አትሞክሩ፤ ባለሙያ ጥሩ።

ብዙ ሰው በጓን ፀሐይ መታት ይላል። ግንባሯን በጋለ ብረት የሚተኩስም አለ። ባለቤቶቹ ሲፈቅዱልኝ የታረደችውን በግ ራስ ቅል ፈልጬ አሳያለሁ። ከአንጎሉ ውስጥ ስስ ከረጢት ይወጣል። ጥርት ያለ ውሃ ሞልቶታል፤ አንዳንዱ የዶሮ እንቁላል ያህላል። ወደ ብርሃን ስታነሡት ግድግዳው ላይ ነጫጭ ነጥቦች እዚህም እዚያም ተሰብስበው ይታያሉ፤ ነጭ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። እያንዳንዷ ነጥብ ውሻ ሆድ ከገባች የውሻ ኮሶ መሆን ትችላለች።

አንዲት እናት ይህን አይተው፣ «ዶክተር፣ እኛ እኮ ይህንን ነው ለመቻል የምንሰጠው» አሉኝ። መቻል ውሻቸው ነው፤ በር ላይ ተኝቶ ያየን ነበር። «አዎ እማማ፣ የሚመጣውም ከዚያው ነው» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻው አንጎሉን ይበላል። ኮሶው አንጀቱ ውስጥ ያድግና ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። በጓ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። ትሉ በደም ተጉዞ አንጎሏ ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬ የምትዞረው በግ እንቁላሉን የዋጠችው ከወራት በፊት ነው። እርጥብና ቀዝቃዛ መሬት ላይ እንቁላሉ ቶሎ አይሞትም፤ የእኛ ግጦሽ ደግሞ እንዲያ ነው።

መዞር የጀመረችውን በግ ይሻላት ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ሳትከሳ እረዷት። ሥጋው ይበላል። መድኃኒት ተወግታ ከነበረ ግን ስንት ቀን መቆየት እንዳለባት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ገበያ ወስዳችሁ አትሽጧት፤ ጭንቅላቷ የሌላ ሰው ውሻ ጋ ይደርሳል፤ የዚያ ሰው በጎችም ይታመማሉ።

ጭንቅላቱን ምን እናድርገው? መጽሐፉ አቃጥሉት ይላል። እኛ አገር ግን ማገዶው ኩበት ነው፤ ለእንጀራም አይበቃ። ጭንቅላት ለማቃጠል ኩበት የሚያወጣ ሰው አላየሁም፤ አልፈርድበትምም። ስለዚህ ቅበሩት። ጉልበት ድረስ የተቆፈረ ጉድጓድ አይሆንም፤ ውሻ በአንድ ሌሊት ያወጣዋል። እስከ ወገብ ቆፍሩ፣ አፈሩን ርገጡ፣ ከላይ ትልልቅ ድንጋይ ጫኑበት። መንዝ ድንጋይ አይቸግረው። ከዚህ የሚሻለው ሰፈሩ አንድ ላይ ሆኖ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ቢያዘጋጅና አፉን በሚከደን ድንጋይ ቢዘጋው ነው። ቦታው ከምንጭ የራቀ ይሁን። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ሁሉም ቤት ያርዳል፤ ጭንቅላት በየደጁ የሚወድቀው ያን ቀን ነው። ጉድጓዱ ከበዓሉ በፊት ካልተቆፈረ በበዓሉ ቀን ማንም አይቆፍርም።

ደህና የምትመስል በግ ጭንቅላትም ለውሻ ጥሬውን አይሰጥ። ከረጢቱ ገና ትንሽ ሳለ በጓ አትዞርም። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ካያችሁም አብራችሁ ቅበሩ፤ ያኛው ሌላ ትል ነው፣ በውሻ በኩል ሰውንም ይይዛል። ውሻችሁ ያሳዝናችኋል፣ አውቃለሁ። ስጡት፣ ግን ጭንቅላቱን ፈልጣችሁ በደንብ ቀቅሉት።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ ውሻው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ለውሻ መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው። 50 ሚሊ ግራም የሆነው ክኒን አንዱ ለ10 ኪሎ ይበቃል፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሁለት ይወስዳል። ክኒኑ በሌላ መጠንም ስለሚመጣ ማሸጊያውን አይታችሁ ስጡ፤ ካልገባችሁ ጠይቁን። ክብደቱን በዓይን ከመገመት ውሻውን ጆንያ ውስጥ አድርጋችሁ በእህል መመዘኛ ስቀሉት። ክኒኑን በሊጥ ጠቅልላችሁ ስጡት። መዋጡን ሳታዩ አትሂዱ፤ ሊጡን በልቶ ክኒኑን የሚተፋ ውሻ ብዙ ነው።

ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን እሰሩት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ኮሶውን ይገድላል፣ እንቁላሉን ግን አይገድልም። በእነዚያ ቀናት የሚወጣውን ዓይነ ምድር በአካፋ እየሰበሰባችሁ በጥልቀት ቅበሩ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጆች አይቅረቡ፤ እንቁላሉ አልፎ አልፎ ሰውንም ያጠቃል።

ድግግሞሹ በየሦስት ወሩ ነው። እኛ በበዓል ነው የምንቆጥረው፦ ከመስቀል በኋላ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አንዴ ደግሞ ሐምሌ ላይ። በዓሉ ባለፈ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ከሆነ ውሻው በበዓሉ የበላው ነገር እንቁላል ማውጣት ሳይጀምር ይደረስበታል።

ቀኑ ለመንደሩ ሁሉ አንድ ይሁን። ስድስት ቤት ውሻውን አክሞ ሰባተኛው ቢተው፣ የሰባተኛው ውሻ ያው ግጦሽ ላይ ነው የሚውለው። ቀኑን በዕድር ቁረጡ። የመድኃኒቱን ወጪም ዕድሩ ቢሰበስበው የተቸገረ ቤት አይቀርም። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጥበት ቀን ካለ ከዚያ ጋር አጋጥሙት፤ ውሻ ሁለት ጊዜ መያዝ ከባድ ነው። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በተመለከተ ዋናው ነገር የሚበሉት ጭንቅላት ማሳጣት ነው፤ ጉድጓዱ ለዚህም ይሠራል።

ውሻው የበጎቹ ቤት ውስጥና ድርቆሹ ላይ እንዳይተኛ ከልክሉ። ሌሊት ለጥበቃ ደጅ ላይ ይበቃል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዘንድሮ ሁሉን በትክክል ብታደርጉም ጥቂት በጎች መዞራቸው አይቀርም፤ እነዚህ እንቁላሉን ቀድመው የዋጡት ናቸው። መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ አታቋርጡ። ዕድሩ የሚታመሙትን በጎች በደብተር ይመዝግብ፦ ወሩን፣ የማን ቤት እንደሆነ፣ ዕድሜዋን። ቀጣዩ ክኒን ከመሰጠቱ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ያን ደብተርና የውሾቹን ቁጥር ይዛችሁ ክሊኒክ ኑ፤ በዚያ ልክ መድኃኒቱን እናስመጣለን።