ስዊዘርላንድ ቤት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የፈቃዳችሁን ፊደል እዩ

ስዊዘርላንድ ለምትኖሩ ወገኖች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤት ከመምረጣችሁ፣ በተለይ ደግሞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁን አውጡና ፊደሉን እዩ።

«ሌክስ ኮለር» የሚባል ሕግ አለ። የወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ የውጭ ዜጎች ቤትና መሬት እንደልብ እንዳይገዙ ይገድባል። ካርዳችሁ «ሲ» ከሆነ ሕጉ አይነካችሁም፤ እንደ አገሬው ሰው ትገዛላችሁ። «ቢ» ከሆነና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ ግን የምትችሉት በምትኖሩበት ቦታ ራሳችሁ የምትኖሩበትን ዋና ቤት መግዛት ነው። በራሳችሁ ስም መመዝገብ አለበት። ማከራየት አይቻልም፤ አንድ ክፍል እንኳን ቢሆን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወዳጄ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አይቶ ልቡ ሄደ። «ታችኛውን አከራይቼ የባንኩን እዳ እከፍልበታለሁ» ብሎ ወረቀት ላይ ሲደምር ሲቀንስ ከርሟል። ደግነቱ ሳይፈርም ጠየቀ። የኪራዩ ገንዘብ ከሒሳቡ ሲወጣ ቤቱ ከአቅሙ በላይ ሆነ።

ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ከኪሳችሁ ይጠብቃሉ። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ የቤቱ ዋጋ 10 በመቶ ደግሞ ከሥራ ጡረታ ቁጠባችሁ ውጭ መምጣት አለበት።

ውሉ የሚጸናው ኖታሪ (ውል አረጋጋጭ) ፊት ሲፈረም ነው፤ ቤቱ የእናንተ የሚሆነው ደግሞ መሬት መዝገብ ላይ ሲሰፍር። ስለዚህ ካርዳችሁን ይዛችሁ ኖታሪው ጋ ቀድማችሁ ሂዱ፤ ደላላው «ችግር የለም» ቢላችሁም።