አይከኑ አላድግ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አይከን ለማሳደግ ኮንትሮል ይዞ የማውሱን ጎማ ማዞር፣ ወይም ኮንትሮል፣ ሺፍትና 1 ቁጥርን አንድ ላይ መጫን የምታውቁት ነው። እዚህ የምናየው የዊንዶውሱን ፋይል ኤክስፕሎረር «ኤክስትራ ላርጅ» ላይ አድርጋችሁት እያለ አንዱ አይከን ብቻ አላድግ ሲል ነው።

ምልክት፦ ሌሎቹ ፎልደሮች ገዝፈዋል። የድርጅቱን ሎጎ የለጠፋችሁበት ፎልደር ግን ሰፊ ሳጥን መሃል እንደ ቴምብር ቁጢጥ ብሏል።

ምክንያት፦ አይከኑን የያዘው አይኮ (.ico) ፋይል ነጠላ ስዕል አይደለም፤ ያንኑ ስዕል በተለያየ መጠን የያዘ ጥቅል ነው። ኤክስፕሎረር ለስሞል 16፣ ለሚዲየም 48፣ ለላርጅ 96፣ ለኤክስትራ ላርጅ 256 ፒክስል ይፈልጋል። 96 ቢያጣ ከ256ቱ አሳንሶ ይጠቀማል። 256 ከሌለ ግን ትንሹን አምጥቶ መሃል ያስቀምጠዋል። እንግዲህ ኤክስፕሎረርን አትርገሙ፤ ጥፋቱ ሎጎውን ባገኘው ነጻ የፋይል መቀየሪያ ድረ ገጽ ላይ ጥሎ፣ መጠን ሳይመርጥ፣ የተሰጠውን ይዞ የወጣው ሰው ነው። የጄፔግ ፋይሉን ስም ወደ አይኮ ቀይሮ «ሠራሁ» የሚልም አለ። ስም ስለተቀየረ ፋይሉ አይቀየርም።

መፍትሄ፦ ፎቶሾፕ ያለ ፕለጊን (ተጨማሪ ቅጥያ) አይኮ ስለማያወጣ ጊምፕ (GIMP) የሚባለውን የስዕል ማረሚያ ፕሮግራም ጫኑ፤ ነጻ ነው። ከዋናው ሎጎ ጀምሩ፤ ቬክተሩ (ሲለጠጥ የማይደበዝዘው ፋይል) ካለ ከሱ፣ ከሌለ ቢያንስ 512 በ512 ከሆነ ስዕል። ከቴሌግራም የወረደ ደብዛዛ ሎጎ አምጥቶ 256 ላይ መለጠጥ ትርፉ ድካም ነው። ጀርባው ቀለም የሌለው፣ ግልጽ ይሁን፤ ነጭ ከሆነ አይከኑ ነጭ ካሬ ሆኖ ይቀራል።

ሌየሩን (የስዕሉን ንብርብር) ስድስት አድርጉና በ«ስኬል ሌየር» አንዱን 256፣ ሌሎቹን 64፣ 48፣ 32፣ 24 እና 16 አድርጓቸው። እያንዳንዱን ከትልቁ ኮፒ ላይ አሳንሱ እንጂ ከ48 ተነስታችሁ ወደ 64 አትውጡ። ከዚያ በ«ኤክስፖርት አዝ» የፋይሉን ስም መጨረሻ አይኮ ብላችሁ አውጡ። በሚመጣው መስኮት ለሁሉም 32 ቢት ከነአልፋው (ግልጽነቱን ከሚይዘው ክፍል ጋር) ምረጡ፤ «ኮምፕረስድ ፒኤንጂ» የሚለውን ግን ለ256ቱ ብቻ። ሳይጨመቅ 256ቱ ብቻውን ከ256 ኪሎባይት በላይ ይወስዳል።

የ16ቱን ሌየር አሳንሳችሁ ብቻ አትለፉት። ሎጎው ላይ ያለው ሙሉ የንግድ ስም በዚያ መጠን የጉንዳን ሰልፍ ነው። ስሙን አውጡና አንድ ፊደል ወይም ምልክቱን ብቻ ተዉ። ቋ እና ጿን የመሰሉ ፊደላትማ በ16 ፒክስል ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ።

ምልክት፦ ቢሮ ያለው ዴስክቶፕ ላይ የጠራው አይከን ላፕቶፑ ላይ ይደበዝዛል።

የላፕቶፑ ስክሪን ስኬል (ሁሉን ነገር አጉልቶ የማሳያው መጠን) 125 ወይም 150 በመቶ ላይ ነው። 48ቱ 60 ወይም 72 ፒክስል ይጠየቃል። ጥቅሉ ውስጥ 64 እና 256 ካሉ ችግር የለም።

ምልክት፦ አዲሱን አይከን ሰጥታችሁትም አሮጌው አልሄድ ይላል።

ዊንዶውስ አሮጌውን በካሽ (በጊዜያዊ ማከማቻው) ይዞታል። ካሽ ማጽጃ ፕሮግራም ከማንም ፍላሽ ላይ አትጫኑ! ፋይሉን በአዲስ ስም አስቀምጡና በፎልደሩ ፕሮፐርቲስ፣ «ከስተማይዝ»፣ «ቼንጅ አይከን» ገብታችሁ እንደገና ምረጡት። አዲስ ስም ለካሹ አዲስ ፋይል ነው።

ምልክት፦ ፒያሳ ቢሮ የነበረው አይከን አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ቢጫ ፎልደር ሆነ።

ፎልደሩ ውስጥ የተደበቀ «ዴስክቶፕ» የሚባል የኢኒ (desktop.ini) ፋይል አለ፤ የአይከኑን አድራሻ ከነድራይቩ ፊደል ጽፎ ይዟል። ያ አድራሻ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የለም። አይኮውን ፎልደሩ ውስጥ ክተቱ፣ የኢኒውን ፋይል በኖትፓድ ክፈቱ፣ «አይከን ሪሶርስ» ከሚለው መስመር አድራሻውን አጥፍታችሁ የፋይሉን ስም፣ ኮማውንና ዜሮዋን ብቻ ተዉ። ኮማዋን እንዳትነኩ።

ከአይከኖቹ ጀርባ ጥቁር ካሬ ከመጣ፣ መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ ጭምር፣ «ዲስክ ክሊንአፕ» ውስጥ «ተምብኔይልስ» (የተከማቹ ትንንሽ ምስሎች) ላይ ብቻ ምልክት አድርጋችሁ አጽዱ። «ዳውንሎድስ» የሚል ተራ ካያችሁ ምልክቱ መነሳቱን ሁለቴ አረጋግጡ፤ የደንበኛ ሥራ አብሮ ይጠረጋል። የፒኤስዲ (የፎቶሾፕ) ፋይል ምስሉን አለማሳየቱ ብልሽት አይደለም፤ ዊንዶውስ በራሱ አያነበውም።

ፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮች በሙሉ ሲያድጉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ከታየባቸው ደግሞ ነገሩ የአይከን አይደለም፤ ፎልደሮቹን በአቋራጭ (ሾርትከት) የሚተካ ሾርትከት ቫይረስ ነው። አንዱንም ሳትከፍቱ ፍላሹን በአንቲቫይረስ አስፈትሹ።