በኩባንያ አርማ ላይ ለመሳለቅ፦ ከመለጠፋችሁ በፊትና የጠበቃው ደብዳቤ ሲመጣ

ሥራዬ የዘመቻ ምስል መሥራት ነው። የሚያዙኝ ሰዎች አብዛኞቹ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ሲሆኑ ሁልጊዜ ይቸኩላሉ፤ አርማው ተጣምሞ ነገ ጠዋት እንዲለጠፍ ይፈልጋሉ። እኔ ግን እርሳስ ከማንሳቴ በፊት የምንስቀው በማን ላይ እንደሆነ እጠይቃለሁ። በአርማው ባለቤት ላይ ከሆነ እሠራለሁ። አርማው ታዋቂ ስለሆነ ብቻ ተውሰን ስለ ሌላ ጉዳይ ልንናገር ከሆነ አልነካውም፤ ዳኛ «ለምን ይህን አርማ መረጣችሁ?» ሲል መልስ የለንምና።

ቅኔ ወርቁን ከሰሙ ሥር ይሰውራል። የአርማ ስላቅ ግን ወርቁን ፊት ለፊት ማውጣት አለበት፤ የንግድ ምልክት ሕግ ቀድሞ የሚጠይቀው ተመልካቹ ይሳሳታል ወይ ብሎ ነው። ስለዚህ ምስሉን በስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱት፤ ከሥሩ ያለውን ማብራሪያ ሸፍኑትና ስለ ዘመቻው ለማያውቅ ሰው አሳዩት። «ኩባንያው ራሱ ነው ያወጣው?» ካለ ሥራው አላለቀም። ምስል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ማብራሪያው መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህ የእኔ ጥንቃቄ ማብዛት አይደለም። የአውስትራሊያው የኃይል ኩባንያ ኤጂኤል በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱን ግሪንፒስን በንግድ ምልክትም በቅጂ መብትም ከሰሰ። ግሪንፒስ በአርማው ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጀምሩ ቃላት መርጦ ኩባንያውን «የአውስትራሊያ ትልቁ ዕዳ» ብሎት ነበር። የንግድ ምልክቱ ክስ ወደቀ፤ ድርጅቱ አርማውን ዕቃ ለመሸጫ አልተጠቀመበትም። የቅጂ መብቱም ክስ በአብዛኛው ውድቅ ሆነ። ሆኖም ሦስት የማኅበራዊ መገናኛ ልጥፎች፣ አንዳንድ ፎቶግራፎችና የሰልፍ ሰሌዳዎች ሕጉ ለስላቅና ለትችት ከሚሰጠው ጥበቃ ውጭ ቀሩ። አንድ ዘመቻ በጥቅሉ ስላቅ ስለሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ አብሮ ይድናል ማለት አይደለም። እኔ ሁሉንም ለየብቻ የምመረምረው ለዚህ ነው።

የድረ ገጽ አድራሻ ላይ ደግሞ ቀልድ አታብዙ። አንድ ሰው የእንስሳት መብት ተሟጋቹን የፔታን ስም እንዳለ አድራሻ አድርጎ «ጣፋጭ እንስሳትን የሚበሉ ሰዎች» (በእንግሊዝኛ ሲያጥር ይህም ፔታ ይሆናል) የሚል ገጽ ከፍቶ ነበር። (አዎን፣ ተሟጋቾችም በተራቸው ከሳሽ ይሆናሉ።) የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2001 ፈረደበት፤ አድራሻው ብቻውን ሲታይ ቀልድ መሆኑን አይናገርም፣ ቀልዱ የሚገባው ገጹ ከተከፈተ በኋላ ነው በማለት። በአድራሻውና በመለያ ስሙ ውስጥ የተቃውሞ ቃል አስገቡ።

ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ ይወሳሰባል። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጃክ ዳንኤልስን የውስኪ ጠርሙስ አስመስሎ የውሻ መጫወቻ የሚሸጥ ድርጅትን ጉዳይ አይቶ፣ ስላቁ የራስህ ዕቃ መለያ ከሆነ የሐሳብ ነፃነት ልዩ ከለላ አያገኝም አለ። በደቡብ አፍሪካ ግን «ላፍ ኢት ኦፍ» የተባለው ድርጅት የቢራ አርማን ለውጦ «የጥቁር ጉልበት፣ የነጭ ጥፋተኝነት» የሚል ካናቴራ ሸጦ፣ በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ተሸንፎ፣ በ2005 በሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አሸነፈ። ቢራ ጠማቂው የኢኮኖሚ ጉዳት ሊደርስበት እንደሚችል አላስረዳም። ዳኛ አልቢ ሳክስ በዚያ ፍርድ «ሕግ ቀልድ ያውቃል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ይህን ዓረፍተ ነገር እወደዋለሁ፤ ሆኖም ካናቴራ መሸጥን አልመክርም።

የጠበቃው ደብዳቤ ሲመጣ ምስሉን አታጥፉ፤ ቶሎም አትመልሱ። በመጀመሪያ የትኛው መብት እንደተጠቀሰ አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ የተመሠረቱ ትልልቅ መድረኮች የቅጂ መብት አቤቱታ ሲደርሳቸው በ1998ቱ የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መሠረት ምስሉን ያነሳሉ፤ እናንተም «ምስሉ የተነሳው በስህተት ነው» የሚል የተቃውሞ ማስታወቂያ ለመድረኩ መላክ ትችላላችሁ። ከሳሹ ፍርድ ቤት ካልሄደ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ምስሉ ይመለሳል። የንግድ ምልክት አቤቱታ ይህ ሕጋዊ መመለሻ የለውም፤ ያላችሁ የመድረኩ የራሱ የይግባኝ ቅጽ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ሳያዩ በተሳሳተው ቅጽ ሲሟገቱ ቀናት የሚያባክኑ ብዙዎች ናቸው።

የተቃውሞ ማስታወቂያው ስማችሁን፣ አድራሻችሁንና ስልካችሁን ይጠይቃል፤ ያም ለከሳሹ ይደርሳል። ማንነታችሁ መደበቅ ያለበት ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። እስከዚያው የሥራውን ረቂቆች በሙሉ፣ የተለጠፈበትን ቀን የሚያሳይ የስክሪን ቅጂና ስለ ኩባንያው የተናገራችሁትን የሚደግፉ ሰነዶች በአንድ ቦታ አስቀምጡ። ሰነዶቹን አትናቁ፤ ኩባንያው በአርማው ባይረታችሁ በስም ማጥፋት ሊመጣ ይችላል፤ እዚያ የሚያድናችሁ የተናገራችሁት እውነት መሆኑ ነው።

መልሳችሁ አጭር ይሁን፦ ምስሉ ትችት መሆኑን፣ ምንም እንደማይሸጥበት፣ ከኩባንያው የመጣ ነው ብሎ የሚሳሳት እንደማይኖር። ስድብ አትጨምሩ። የነዳጅ ኩባንያው ኤሶ በስሙ «ኢ» እና «ኦ» መካከል ሁለት የዶላር ምልክቶች የከተተበትን ግሪንፒስ ፈረንሳይን በ2002 ከስሶ የነበረ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዳኛ አርማው እንዲነሳ አዝዞ፣ የሰበር ፍርድ ቤቱ ለግሪንፒስ የፈረደው በ2008 ነው። ደብዳቤያችሁን ከስድስት ዓመት በኋላ የሚያነበው ዳኛ ሊኖር እንደሚችል አስባችሁ ጻፉት።