ፌስታሉን ከመቋጠራችሁ በፊት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከሚዞሩት ቆሻሻ ሰብሳቢዎች አንዷ ነኝ። ሰው የሚያየን ማዳበሪያ ተሸክመን በር ስናንኳኳ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ማዳበሪያው ይዘረገፋል፤ ፕላስቲኩ፣ ቆርቆሮው፣ ካርቶኑ በእጅ ይለያል። ጓንት አለን። ጓንት ግን መርፌ አይመልስም።

ስለዚህ ከመርፌው ልጀምር። ስኳር ያለባቸው እናቶችና አባቶች ኢንሱሊን ቤታቸው ይወጋሉ፤ እሰየው። ግን የተወጉበትን መርፌ በሶፍት ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ መክተት ምን የሚሉት ነው? ሶፍት እኮ ነው! «ክዳኑን መልሼበታለሁ» የሚሉኝም አሉ። ክዳን ሲመልሱ ስንቱ ጣቱን ይወጋል! ባይወጋም ክዳኑ መንገድ ላይ ይወልቃል። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ማዳበሪያውን በጭኗ ደግፋ ደረጃ ስትወርድ ተወጋች። ጠብታ ደም ነው የወጣት። መርፌው የማን እንደሆነ ማን ይወቅ? ሄፓታይተስ ቢም፣ ሲም፣ ኤች አይ ቪም በዚህ ይተላለፋል። የመከላከያ ክኒኑን 28 ቀን ዋጠች፤ ምግብ አልረጋላት አለ፤ የምርመራው ውጤት እስኪነገራት ድረስ ከሰው ጋር መነጋገር አቁማ ነበር። ይኼ ሁሉ ለአንድ ሶፍት!

መላው ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። ያለቀበት ወፍራም የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ አስቀምጡ። ክዳን ሳትመልሱ መርፌውን በጫፉ ወደ ታች ጣሉበት። ሊሞላ ሲል ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑት፣ በፕላስተር አሽጉት፣ «መርፌ» ብላችሁ ጻፉበት። ጤና ጣቢያ ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተቀበላችሁም ለብቻው፣ ነግራችሁ ስጡን። ምላጭም እዚያው ይግባ። የሃይላንድ ጠርሙስ ግን ስስ ነው፤ አይሆንም።

ሃይላንድ ካልኩ አይቀር፣ የተረፈ ነጭ ጋዝ፣ ቲነር ወይም የትኋን መድኃኒት በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ በውሃ ጠርሙስም አትጣሉ። ጠርሙሱን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ነገ ዘይት ወይም አረቄ ይሞላበታል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ውሃ ይመስላል። ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ወተት ፍለጋም አትሩጡ። ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ኅዳር 12 ሌላ ጉድ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከፈጀ ወዲህ ኅዳር ሲታጠን በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። እሺ፣ ባህላችን ነው። ግን አያቶቻችን የበረሮ ስፕሬይ አልነበራቸውም። ባዶ የመሰለው ቆርቆሮ ውስጡ ጋዝ ይቀረዋል፤ እሳት ሲነካው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ሰፈር ውስጥ ልጆች ድምፁን ለመስማት ብለው ሆን ብለው ሲጨምሩ አይቻለሁ፤ ትልልቆቹም ቆመው ይስቃሉ። የባትሪ ድንጋይ፣ ቀለም የተቀባ እንጨትና ፕላስቲክም እሳት ውስጥ ቦታ የላቸውም። ጭሱን የምትስቡት እናንተው ናችሁ።

በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ተርፏችኋል? አንድ ላይ አትድፏቸው፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ትንፋሽ ያሳጣል።

ያበጠ የሞባይል ባትሪ አይበሳም፣ ከሌላ ቆሻሻ ጋርም አይታሰርም። ሲጨፈለቅ ይቀጣጠላል። ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑና ለየብቻ ስጡን።

ፍሎረሰንት አምፖል ውስጡ ሜርኩሪ አለው። ቢሰበር መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን አስወጡ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ተመለሱ። በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ ብናኙን ትበትኑታላችሁ። በካርቶን ሰብስቡት፣ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሁሉንም አንድ ላይ አሽጉት።

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከቡና አተላ ጋር ቀላቅላችሁ ቋጥሩት። አተላ የሌለበት ቤት እንደሆነ እዚህ አገር አላውቅም። እንዲህ ካደረጋችሁ ማንም አንስቶ አይውጠውም።

መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ የተቃጠለ ዘይት ጎርፍ መውረጃ ውስጥ አይደፋም። ጎርፉ አቃቂ ወንዝ ይገባል። በዚያ ወንዝ ውሃ ሰላጣና ጎመን የሚያጠጡ አሉ፤ ገበያ ወጥታችሁ የምትገዙት እሱን ነው። ዘይቱን በጄሪካን አጠራቅማችሁ ለቀየረላችሁ ጋራዥ መልሱ፤ አልቀበልም ካለ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።