የካውንቲው የእርሻ ገንዘብ፦ በረዶው ሳይወርድ ፋይል ክፈቱ

አሜሪካ ገጠር መሬት ገዝታችሁ ወይም ተከራይታችሁ ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም የምታመርቱ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ብዙዎቻችን የመንግሥት ድጎማ የትልልቆቹ ገበሬዎች ብቻ ይመስለናል። እርግጥ ዋናው የዋጋ ድጎማ የሚከፈለው "ቤዝ ኤከር" (ድጎማው የሚታሰብበት የመሬት ልክ) ለተመዘገበለት መሬት ነው፤ ሰብሉም በቆሎ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና የመሳሰለው ነው። ለአትክልት ግን ሌላ በር አለ። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ሳንገባበት ዓመት ማለፉ ነው የሚያንገበግበኝ።

መጀመሪያ የእርሻ ቁጥር አውጡ። የሚሰጠው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ክፍል የሆነው ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ነው፤ ቢሮው በካውንቲያችሁ ወይም አጠገቡ ባለው ካውንቲ አለ። ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የመሬቱን የባለቤትነት ወረቀት ወይም የኪራይ ውል ይዛችሁ ሂዱ። ከባለመሬቱ ጋር በቃል ብቻ ተስማምታችሁ ከሆነ ቀድማችሁ በጽሑፍ አድርጉት። ግሪን ካርድ ይበቃል፣ ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም።

ቢሮው ውስጥ ማሳችሁን ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ያሳዩአችኋል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ እዩት፤ የጎረቤት ማሳ ውስጥ ገብቶ ወይም የእናንተን ጥግ ቆርጦ እንደሆነ ያኔውኑ ተናገሩ፣ ኤከሩ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። ከዚያ ፎርሞቹን ሙሉ፦ ኤዲ 1026 (የአፈርና የረግረግ መሬት ጥበቃ)፣ ሲሲሲ 902 (የእርሻ አሠራር ዕቅድ)፣ ሲሲሲ 941 (የገቢ ማረጋገጫ)። ያልገባችሁን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ለአትክልት የሚሆነው ናፕ ይባላል። የሰብል ኢንሹራንስ ለማይሸጥለት ሰብል የተዘጋጀ ነው። ለአንድ ሰብል 325 ዶላር ያስከፍላል፤ ማረስ ከጀመራችሁ 10 ዓመት ያልሞላችሁ ከሆነ ግን ሲሲሲ 860 የሚባለውን ፎርም ሞልታችሁ መሠረታዊውን ሽፋን በነፃ ታገኛላችሁ። ከምርታችሁ ከግማሽ በላይ ከጠፋ፣ ከግማሽ በላይ ለሆነው ጉዳት የገበያውን ዋጋ 55 በመቶ ይከፍላል። መመዝገቢያው ቀን እንደየሰብሉ ይለያያል፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተከላችሁ በኋላም ምን ያህል ኤከር ላይ ምን እንደተከላችሁ ሪፖርት ማድረግ አለባችሁ።

አንዲት ወዳጃችን ይሄን ሁሉ በትክክል አድርጋ ነበር። አንድ ሌሊት በረዶ ወረደ፤ የቃሪያው ቅጠል ወንፊት ሆኖ አደረ። ያገግም ይሆናል ብላ ውሃ እያጠጣች ጠበቀች። በሳምንቱ ስትደውል ጊዜው አልፏል ተባለች። በእጅ የሚለቀም ሰብል ከሆነ፣ ጉዳቱ ከታየበት ሰዓት ጀምሮ ያላችሁ 72 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያው ቀን ደውሉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ገማቹ መጥቶ ሳያይ ማሳውን አትገልብጡት።

አትክልት የሚበቅልበት የፕላስቲክ ቤት ለመሥራት ካሰባችሁ ደግሞ ኢክዊፕ የሚባለውን የመንግሥት የወጪ መጋሪያ ፕሮግራም ጠይቁ። አዲስ ገበሬ እስከ 90 በመቶ የሚደርስ የወጪ ድጋፍና ግማሹን በቅድሚያ የመውሰድ ዕድል አለው። ኮንትራቱ ሳይፈረም ግን አንድ ብረት እንዳትተክሉ፤ ቀድሞ የተጀመረ ሥራ አይከፈልበትም።

የሚከፈላችሁ ገንዘብ ታክስ አለው፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ 1099-ጂ የሚባል የታክስ ወረቀት ይላካል። ጥያቄያችሁ ውድቅ ሆኖ ደብዳቤ ከመጣ ቀኑን ክበቡበት፦ ይግባኝ ለማለት ያላችሁ 30 ቀን ነው።